«በልቻለሁ ልጄ» ሲሏችሁ

ባለፈው ዓመት ከእናቴ ጋር በቪዲዮ እያወራን ነበር። ፀጉሯን ልታስተካክል እጇን ስታነሳ የእጅ ሰዓቷ ተንሸራቶ ክርኗ አጠገብ ደረሰ። ድሮ ጥብቅ ብሎ ነበር የሚቀመጠው። «ከሳሽ እንዴ እማዬ?» አልኳት። «ዕድሜ ነው ልጄ» አለችኝ። በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፣ በደንብም ይደርሳታል። ምግቡ ግን አፏ አልደረሰም።

ውጭ ያለን ሰዎች ለወላጆቻችን ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ እንጨነቃለን። ስለ ሳህናቸው የምንጠይቀው ግን እምብዛም ነው። አዛውንት ትንሽ ሲበላ ተፈጥሮ ይመስለናል። የምግብ ፍላጎት ከዕድሜ ጋር መቀነሱ እውነት ነው። የፕሮቲን ፍላጎታቸው ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ከወጣቱ ይበልጣል። ጉድለቱ ጡንቻን ይበላል። ጡንቻ ሲመነምን ደግሞ ተራ ጉንፋን አልጋ ላይ ያውላል፣ አንድ ቀን መውደቅም ከዚያ በኋላ ከቤት አያስወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ዶክተር ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው የዚህን መዳከም 5 ምልክቶች አውጥተዋል። ሳያስቡት መክሳት፣ ቶሎ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየትና እንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። 3ቱ ከታዩ ሰውየው አቅሙ ተዳክሟል። 1 ወይም 2 ከሆኑ ገና በጊዜ ነው፣ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ነው ከሩቅም ቢሆን ቶሎ ማየት የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ ሚዛን አስገዙላቸው። በወር አንዴ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ፤ እናንተ ጻፉት። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳያስበው በ6 ወር 3 ኪሎ ከቀነሰ ሐኪም ይየው። ሌላው በቪዲዮ የምታዩት ነው። አጠገባቸው ሰው ይቁምና፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው የእግራቸው ጉልበት እየደከመ ነው።

ደግሞ «በላሽ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «በልቻለሁ ልጄ» ነው። «ጠዋት ምን በላሽ? ከምን ጋር? ከማን ጋር?» በሉ። እኔ እንደዚያ ስጠይቅ ነው ጉዱ የወጣው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታም ሻይ በዳቦ።

ለጤነኛ አዛውንት የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 9 ገደማ። ሁሉንም ምሳ ላይ ማከማቸት ሳይሆን ለሦስቱም ገበታ ማከፋፈል ይሻላል። በብዛት የሚጎዳው ቁርስ ነው፤ እኛም ከቁርስ ጀመርን። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ያልበሉበትን ምክንያት ሳታውቁ ምግብ ብታበዙ ዋጋ የለውም። ሰው ሲከሳ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ይላላል፣ ሲያኝክ ያመዋል፣ ስለዚህ የሚለሰልሰውን ብቻ ይመርጣል። የአፍ ጣዕም የሚያጠፉ መድኃኒቶችም አሉ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ቪታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፣ በደም ምርመራ ይታያል። ከዓመታት በፊት «ጨው ቀንሱ፣ ቅባት ተዉ» የተባሉትን ይዘው እየከሱ የሚኖሩም ብዙ ናቸው። ያ ምክር አሁንም ይሠራ እንደሆነ ሐኪሙን አስጠይቁ። ሻንጣ ሙሉ ቪታሚን ከመላክ ያንን ገንዘብ ለጥርስ ሐኪም ብታውሉት በጣም ይጠቅማቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ብቸኝነት ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው ቀማመስ አድርጎ ይነሳል። እኔ ማታ እናቴ ስትበላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትደውልልኛለች፣ አብረን እንበላለን። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ሳህኗን ትጨርሳለች።

ምግብ የሚያበስልላቸውን ሰው ደግሞ አክብሩ። የምግቡን ገንዘብ ከሌላው ወጪ ለይታችሁ በቀጥታ ስጡት፣ ደመወዙን አታዘግዩ፣ እንደ መርማሪ አታዋክቡት። «ዛሬ ምን ደስ ብሏት በላች?» ብትሉት ብዙ ይነግራችኋል።

ምግቡ ጡንቻ እንዲሆን እንቅስቃሴም ይፈልጋል። ያንኑ የወንበሩን መነሳት መቀመጥ፣ ሰው እያያቸው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለማመዱት። ውኃም አስታውሷቸው፣ በዕድሜ የጥማት ስሜት ይደክማል።

ሲውጡ ትን የሚላቸው፣ ምግብ ጉሮሯቸው ላይ የሚሰነቀርባቸው፣ ወይም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልብሳቸው ሰፍቶ የታያችሁ ከሆነ ግን ቀጣዩን ሚዛን አትጠብቁ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳቸው ሰው ፈልጉ።