እሳት ከማንደድ በፊት አመድ ይጠረጋል፦ በታሊሊን ባቡር ላይ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ለምትሹ

«በነጻ ጥላሸት ለመቀባት ሦስት ሰዓት ትጓዢያለሽ?» አለችኝ እናቴ በስልክ፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜዬን ሳወራላት። እናቴ የጥላሸትን ነገር ታውቃለች። አባቷ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ከእንፋሎት ዘመን ጀምሮ እስከ ናፍጣው ድረስ የሠሩ ሰው ነበሩ። እርሳቸው ግን በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ይቀበሉ ነበር። እኔ በርሚንግሃም ውስጥ ነርስ ነኝ፤ በእረፍት ቀኔ ወደ ዌልስ ገጠር ሄጄ የሎኮሞቲቭ አመድ እጠርጋለሁ፤ የሚከፍለኝም የለም። ይህን የሰሙ የአገሬ ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎም «እንዴት ነው የሚገባው?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ ይኸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የታሊሊን ባቡር ከታዊን ከተማ፣ ከባሕሩ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ተራራው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወጣ ጠባብ ሐዲድ ነው። የሐዲዱ ስፋት 68 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የእኛው የጅቡቲ መስመር አንድ ሙሉ ሜትር እንደነበር አስታውሱ። በ1860ዎቹ የተዘረጋው ከተራራው የጣሪያ ድንጋይ ለማውረድ ነበር። ድንጋዩ የሚወጣበት ቦታ በ1940ዎቹ ሲዘጋና ባለቤቱ ሰር ሄንሪ ሄይደን ጆንስ በ1950 ሲሞቱ፣ ሐዲዱ ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያን ዓመት በጥቅምት ቶም ሮልት የተባሉ ጸሐፊና ባልደረቦቻቸው፣ እኔ በምኖርበት በርሚንግሃም፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰው ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። በግንቦት 1951 ባቡሩን ራሳቸው አስነሡት። በዓለም ላይ በጎ ፈቃደኞች ከሞት ያተረፉት የመጀመሪያው ባቡር ይህ ነው። እኔ ደቦ እለዋለሁ፤ ከሰባ ዓመት በላይ ያልተበተነ ደቦ።

አገባቡ ቀላል ነው። ለባቡሩ ጽሕፈት ቤት ጻፉና በጎ ፈቃደኛ መሆን እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። ጥቂት ደመወዝተኞች አሉ፤ የቀረውን ሥራ የሚሸከሙት ፈቃደኞች ናቸው። ስለ ባቡር ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ትኬት የሚሸጥ፣ ሻይ የሚቀዳ፣ ከሐዲዱ ዳር ቁጥቋጦ የሚመነጥር፣ የበሰበሰ አግዳሚ እንጨት የሚቀይር ሰው ሁሌም ይፈለጋል። ሎኮሞቲቭ ላይ መሥራት የሚሻ ግን የጤና ምርመራ ያልፋል፣ የደኅንነት ደንብ ይማራል፣ ከዚያም ከታች ይጀምራል። ታች ማለት አጽጂ መሆን ነው። ከአጽጂነት ወደ እሳት አንዳጅነት፣ ከዚያ ወደ ነጂነት ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል። ይህን ሲሰማ የሚከፋው ሰው ሻይ ቤቱን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ኬኩም ጥሩ ነው።

ጉዞውን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። ከበርሚንግሃም የሚመጣው ባቡር ማኽንሌዝ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ አበሪስትዊዝ፣ ግማሹ ወደ ፑልሄሊ ይሄዳል። ታዊን የምትገኘው በሁለተኛው ላይ ነው። የትኛው ፉርጎ የት እንደሚሄድ ስትሳፈሩ ጠይቁ። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ያንን ቅዳሜ አበሪስትዊዝ የባሕር ዳርቻ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ስበላ ዋልሁ። የቦታ ስሞቹ ደግሞ አያስፈሯችሁ። እንግሊዞች የሚደናቀፉበት የዌልሶች «ኽ» እኛ ፊደል ያለን ድምፅ ነው። በመስመሩ ላይ ያለውን ጣቢያ «ዶልጎኽ» ብዬ ስጠራ የዌልሱ ጣቢያ ሠራተኛ የት ተማርሽው ብሎኛል።

አለባበስ፦ ወፍራም የጥጥ ቱታ፣ አፍንጫው ብረት ያለው ጫማ፣ የቆዳ ጓንት። ናይለን በእሳት ፊት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃልና ከውስጥም ቢሆን አትልበሱ። ፀጉር ይጠቀለል፤ ሻርፕና ነጠላ ቤት ይቅሩ።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልምጣ፤ እኔን እዚያ የሚያመላልሰኝ እርሱ ነው። ባቡሩ ከረፋዱ በፊት ዝግጁ እንዲሆን እሳቱ በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት ጀምሮ መያዝ አለበት። በክብሪት ግን አይጀመርም። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ መያዙን፣ የእንፋሎት መክፈቻው መዘጋቱን፣ የአቅጣጫ ማርሹ መሃል ላይ መሆኑን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። በዓይን አይቶ ማለፍ አይበቃም። ቀጥሎ ውሃው። ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት ጋን፣ ላይ በነጂው በኩል ያለው የመስታወት ቱቦ ውሃው የት እንደደረሰ ያሳያል። ከእሳት ሣጥኑ ጣሪያ በላይ ውሃ ከሌለ እሳት አይለኮስም። ያ ጣሪያ ውሃ ካልሸፈነው እሳቱ ብረቱን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለሐኪም ቤት ሰው መንገር አያስፈልግም።

ከዚያ አመዱ። የትናንቱ እሳት ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የተጋገረ ቁራጭ በፍርግርጉ ላይ ይተዋል፤ በረጅም ብረት ሰብራችሁ አውጡት። ከሥር ያለውን አመድ መያዣ ባዶ አድርጉ፣ ከፊት በጭስ ማውጫው ሥር የተጠራቀመውን ጥላሸት በአካፋ ዝቃችሁ አውጡ። አየር በፍርግርጉ ካልገባ የቱንም ያህል ብትደክሙ እሳት አይኖርም። በመጀመሪያው ወር ይህን ንቄ ከሥር ያለውን የአየር በር ሳልከፍት ለኮስሁ። ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣት ትቶ ወደ እኔ መጣ፤ ጋራዡ እንደ ገና ዋዜማ ማድ ቤት ሆነ። አስተማሪዬ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ ከውጭ ቆመው ሲያስሉ ጠበቁኝና ምን እንደረሳሁ እስክናገር ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ለመለኮስ በፍርግርጉ ላይ ስስ የድንጋይ ከሰል አንጥፉ፣ በላዩ ደረቅ ፍልጥ ደርድሩ፣ በላምባ የራሰ ጨርቅ በአካፋ ላይ አቀጣጥላችሁ መሃሉ ላይ ጣሉት። እንጨቱ ሲይዝ ጡጫ በሚያህል ከሰል እየጨመራችሁ ጠብቁ። ፍም ሲሆን ወደ ጠርዞቹ በትኑት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እሳቱ ያነሰ ይመስለውና አምስት አካፋ ይጭንበታል፣ እሳቱም ይጠቁራል። አያቴ እንጀራ ስትጋግር እሳቱ በምጣዱ ሥር እኩል ካልተዳረሰ አንዱ ጎን አርሮ ሌላው ጥሬ ይወጣባት ነበር። እዚህም የሚፈለገው ስስና እኩል የሆነ እሳት ነው። ባዶ ቀዳዳ ካለበት ቀዝቃዛ አየር ገብቶ የቦይለሩን ቱቦዎች ይጎዳል። ጥቂት ጨምሩ፣ ቀዳዳውን ፈልጉ፣ በሩን ዝጉ፣ ጭሱን ተመልከቱ። ብዙ ጥቁር ጭስ ካያችሁ ያልተቃጠለ ከሰል በገንዘባችሁ እየበረረ ነው።

ብረቱ ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት፤ ይህን ማስቸኮል አይቻልም። የሚጠበቅበትን ጊዜ ዘይት ለማጠጣት ተጠቀሙበት። በሚሽከረከሩት ብረቶች መገጣጠሚያ ሁሉ ላይ ትንሽ የዘይት ጽዋ አለ፤ በውስጡ ያለው የሱፍ ክር ልክ እንደ ኩራዝ ክር ዘይቱን ስቦ ወደ ብረቱ ያንጠባጥባል። ክሩ ከወጣ ወይም ከደረቀ መገጣጠሚያው መንገድ ላይ ይግላል። እኔ የምሞላቸውን ጽዋዎች ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ በአማርኛ። «ዶልጎኽ» የተባለችው ሎኮሞቲቭ በ1866 የተሠራች ናት፤ ታዲያ በአማርኛ ስትቆጠር ተቃውማ አታውቅም።

የግፊት መለኪያው መውጣት ሲጀምር ውሃ አስገቢዎቹን ሁለቱንም ሞክሩ፤ አንዱ ብቻ ቢሠራ ጉዞ የለም። የመስታወት ቱቦውን አፍ ከፍታችሁ አስተንፍሱትና ውሃው ወዲያው ተመልሶ መውጣቱን እዩ፤ የተደፈነ ቱቦ ይዋሻል። መርፌው ቀዩን መስመር አይለፍ። ሎኮሞቲቩ መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ የሲሊንደሮቹ ማፍሰሻዎች ክፍት ይሁኑ፤ በቀዝቃዛ ብረት ላይ እንፋሎት ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ደግሞ አይታመቅምና ፒስተኑን ሊሰብር ይችላል። በእንፋሎት ተሸፍኖ እያፏጨ ሲወጣ ተሳፋሪዎች ለትርዒት የተደረገ መስሏቸው ያጨበጭባሉ።

ወደ ላይ ሲሄድ መንገዱ ሁሉ ዳገት ስለሆነ አካፋው አያርፍም። ሲወርድ ግን ባቡሩ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፤ ያኔ ነው የዶልጎኽን ድልድይ ቀና ብዬ የማየው። በነገራችን ላይ፣ ፉርጎዎቹ በአንድ ጎን ብቻ በር ያላቸው ሠሪዎቹ ስለሰሰቱ አይደለም። ሐዲዱ ሲመረመር ከሐዲዱ በላይ የሚያልፉት ድልድዮች ከፉርጎው ጋር ያላቸው ክፍተት እጅግ ጠባብ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ሐዲዱን ወደ አንድ ጎን ገፉት፣ በዚያ በኩል ያሉትንም በሮች ዘጉ።

ማታ ላይ ውሃውን ሙሉ፣ የአየር በሩን ዝጉ፣ ያያችሁትን እንከን ሁሉ በመዝገቡ ላይ ጻፉ። ከመሄዳችሁ በፊት የነገውን ፍልጥ ሙቀቱ ባለበት አጠገብ አስቀምጡ፤ በሚነጋ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው፣ እርጥብ እንጨት ደግሞ ያስለቅሳል።