«ሁለት ነጥብ» ስል ተማሪዋ ምን ጻፈች? ኮድ በቃል ሲነገር የሚፈጠሩ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። መብራት ሲሄድ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፤ ላፕቶፖቹ ግን በባትሪ ስለሚቆዩ ኮዱን በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ስህተቱ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የተማሪው ሳይሆን ለምልክቱ የሰጠነው ስም ነው።

ችግር፦ ከዝርዝር የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ስትጠይቁ ፓይተን አስርዮሽ ቁጥር አልቀበልም ይላል።

እኔ የፈለግሁት ስሞች[:5] ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ሁለት ነጥብ አምስት» ነው። ፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ስሞች[2.5] ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ? በአማርኛ 2.5 የሚነበበው እንደዚያው ነው።

መፍትሄ፦ ለ : «ኮለን» በሉ፤ «ነጥብ» ለ . ብቻ ይቅር። ሴሚኮለንን (;) ደግሞ «ሴሚ» ብላችሁ አሳጥሩት። ሙሉውን ከጠራችሁት ኋላ ለተቀመጠው «ኮለን» የሚለው ብቻ ይደርሰዋል።

ችግር፦ «ሰረዝ» ስትሉ አንዱ - ሌላው _ ሦስተኛው ኮማ ይጽፋል።

ጠቅላላ_ዋጋ = 50 ይሠራል። ጠቅላላ-ዋጋ = 50 ከሆነ ግን ፓይተን «ከጠቅላላ ላይ ዋጋን ቀንስ» ብሎ ያነበዋል፤ የመቀነስ ስሌት እሴት አይቀበልምና እዚያው ይቆማል። ሰረዝ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ የሚሉት ስሞች ለድርሰት ጥሩ ናቸው፤ ለጆሮ ግን ይቀላቀላሉ።

መፍትሄውን ያመጣው ዜማ ቤት የቆየ ተማሪዬ ነው። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት እያለ እያንዳንዱን ምልክት በስሙ ለይቶ የተማረ ልጅ ነውና «ይህንንስ ጭረት ብንለው?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ - «ጭረት»፣ _ «አንደርስኮር»፣ , «ኮማ» ነው። «ሰረዝ» የሚለውን ቃል ከክፍሉ አስወጥተነዋል።

ችግር፦ ኮዱ ለዓይን ልክ ነው፤ ፓይተን ግን የማላውቀው ምልክት አለ ይላል።

የግዕዝ ኪቦርዱ አልተዘጋም። ፣ እና , ለእኛ አንድ ሥራ ቢሠሩም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ኮማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከወጣው አስኪ (ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቁጥር የሚሰጥ ሠንጠረዥ) ጀምሮ የራሱ ቁጥር አለው፤ የእኛው ነጠላ ሰረዝ ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት የሚይዝ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱና ምልክቱን አጥፍታችሁ እንደገና ጻፉት።

ቅንፍ ላይ ብዙ አልቆይም፦ ( «ክብ»፣ [ «ካሬ»፣ { «ጥምዝ»፤ ሁልጊዜ ከ«ክፈት» ወይም ከ«ዝጋ» ጋር። እንግዲህ ያ የመጀመሪያው መስመር አሁን ሲነገር «ስሞች፣ ካሬ ክፈት፣ ኮለን፣ አምስት፣ ካሬ ዝጋ» ነው።