እሁድ ታጥቦ ማክሰኞ የሚጠቁር ቸርኬ፦ ችግርና መፍትሄ

ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ ሥራዬ ፒያሳ አካባቢ። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦን ቁልቁለት ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። እሁድ ያሳጠብኩት ቸርኬ ማክሰኞ የድስት ቂጥ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ የምረግመው መንገዱን ነበር። አንድ ቀን በጣቴ ጠረግ አድርጌ ሳየው ግን አፈር አይደለም።

እናንተም ከማጠባችሁ በፊት በጣት ሞክሩት። ቡናማ ሆኖ በባዶ ውሃ ከለቀቀ የመንገድ አቧራ ነው፤ አትጨነቁ። ጥቁር ሆኖ ጣት ላይ ከቀረና ውሃ አልበግረው ካለ ከፍሬን የወጣ ብናኝ ነው። ከዚያ በኋላ የትኛው ቸርኬ ላይ እንዳለና መልኩን እዩ።

የፊቶቹ ጠቁረው የኋላዎቹ ንጹህ ከሆኑ

ጤነኛ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከባዱን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። በዚያ ላይ እንደ ቪትዝ ያሉ ብዙ ትንንሽ መኪኖች የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር፣ ማለትም እንደ ከበሮ የተዘጋ ስለሆነ ብናኙ አብዛኛው እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ከፊት ዲስኩ ገላጣ ነው። የፍሬን ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በጨበጠ ቁጥር ሁለቱም ይፋቃሉ። ቸርኬው ላይ የሚለጠፈው ያ ነው።

ጤነኛ ቢሆንም ይቀነሳል። እኔ ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ላይ እግሬን አሳርፌ ነበር የምወርደው። የማርሽ መኪና ከሆነ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ከዲ አውጥታችሁ እንደየመኪናው ኤል፣ 2 ወይም ቢ ላይ አድርጉት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ልቀቁት፣ ሲፈጥን እንደገና ያዙት። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ቸርኬዬ እስከ አርብ ይቆያል።

ነገሩ ከጽዳትም ያልፋል። ቁልቁለቱን ሙሉ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ ሙቀቱም የፍሬን ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ጠባዩ ነው፤ ያኔ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ የመርገጥ ያህል ይሆናል። ቁልቁለት ላይ የመቃጠል ሽታ ከመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ዲስኩ ላይ ውሃ እንዳትደፉ፤ ሊጣመም ይችላል።

ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካለው

ዲስኩ ብረት ነው። የጋለው የብረት ብናኝ ቀለሙ ላይ ይጣበቅና ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ክረምት ላይ ሱሉልታ ያደረ መኪና ይህን በደንብ ያውቀዋል። በኦሞ አይለቅም። በሽቦ ብትፈትጉት የምትፍቁት ቀለሙን ነው።

የሚያነሳው አይረን ሪሙቨር የሚባለው ፈሳሽ ነው፤ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ ጠይቁ። ጓንት አድርጉ። በቀዘቀዘ ቸርኬ ላይ፣ ጥላ ቦታ ይረጫል። ብረቱን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆናል። 3 ወይም 4 ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አጥቡት። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። የመጀመሪያ ቀን ግቢ ውስጥ ስሞክረው ቀይ ፈሳሽ በሲሚንቶው ላይ ወረደ። ጎረቤቴ እትዬ በአጥር አሻግረው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ሳትጠራን በግ አረድክ?» አሉኝ።

ታጥቦ ሲደርቅ ከነጣ

ይሄ የእኔው ቁስል ነው። አንድ ላቫጆ ውስጥ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ጠብ ላድርግልዎት? መስታወት ነው የሚሆነው» አለኝ። በሃይላንድ የያዛት አሲድ ነበረች። እውነትም ጥቁሩ ወዲያው ሄደ። በሳምንቱ ግን ቸርኬው ኖራ የነካው ይመስል ጭጋግ ለበሰ። የአሎይ ቸርኬን የሚጠብቀው ከላይ የተቀባው ግልጽ ቀለም ነው። እሱ ከተበላ አሉሚኒየሙ ይራቆታል። ከዚያ ወዲያ አስፍቆ እንደገና ማስቀባት ነው እንጂ ማጠብ አይመልሰውም። ኮስቲክ ሶዳም ያው ነው።

አሁን «ውሃና ሳሙና ብቻ» ብዬ አጠገቡ እቆማለሁ። ቤት ካጠባችሁ ለቸርኬው የራሱ ባልዲና የራሱ ስፖንጅ ይኑረው፤ የብረት ብናኝ የያዘ ስፖንጅ የመኪናውን ቀለም ይጭራል። ለብሎን ቀዳዳዎቹ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚያህለው የለም። ደረቁን ብናኝ በኮምፕሬሰር አታስነፉት። አንዳንድ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ለሳንባ ጠንቅ ነው። መጀመሪያ አርጥቡት።

አንደኛው ብቻ ከጠቆረ

ግራና ቀኙን አስተያዩ። የቀኙ የፊት ጎማ ጥቁር፣ የግራው ንጹህ ከሆነ ሳሙናውን አስቀምጡት። ሸራውን የሚጨብጠው ካሊፐር ተይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ወይም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ አልመለስ ሲል፣ እግራችሁን ብታነሱም ሸራው ዲስኩን አይለቅም። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ነዳጅም ይበላል። ሜዳ መንገድ ላይ ፍሬን ሳታበዙ 10 ደቂቃ ነድታችሁ ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሁለቱም ቸርኬ አስጠጉ፤ እንዳትነኩት። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ መካኒክ ይክፈተው። ፒኖቹ ይጸዳሉ፣ የፍሬን ግሪስ ይቀባሉ፤ ሸራ የሚቀየር ከሆነ ግን ግራና ቀኙ አብሮ ነው። አንዱን ብቻ ቀይሬ ልለፍ የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ።

እርጥብና ቅባታም ከሆነ

ወፍራም ጥቁር ግሪስ ከቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ላይ ከተረጨ የአክሰሉን ጫፍ የሸፈነው ላስቲክ ተቀዶ ይሆናል። ቶሎ ከተቀየረ ወጪው ትንሽ ነው። ቀጭንና አንሸራታች ሆኖ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውም ከጎደለ ፍሬኑ እያፈሰሰ ነው። ያንን መኪና አትንዱት፤ መካኒኩ ይምጣ።

ከታጠበ ማግስት ጠዋት ፍሬኑ ቢንጫጫ ዲስኩ ላይ የተኛ ስስ ዝገት ነው፣ ጥቂት ጊዜ ሲያዝ ይጠፋል። ከጭቃ መንገድ በኋላ መሪው ከተንቀጠቀጠ ጭቃ ቸርኬው ውስጥ ደርቋል። ባላንስ ከማስደረጋችሁ በፊት ውስጡን አሳጥቡ።

ቶሎ እንዳይጠቁር

ሰም ይረዳል፣ ግን የመኪና አካል ሰም ቸርኬ ላይ ዕድሜ የለውም። ካርናውባ የሚባለው ሰም 82 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፍሬን አጠገብ ያን ያህል ሙቀት ብርቅ አይደለም። ሙቀት የሚችል የቸርኬ መከላከያ ይሻላል። ሸራ ስትቀይሩ ለመኪናችሁ የሚሆን ሴራሚክ ካገኛችሁ ብናኙ ያንሳል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ፍጥነታቸውን በሞተራቸው ስለሚቀንሱ ሸራቸው ብዙም አይፋቅም። እነሱን የሚያስቸግራቸው ዲስኩ ሳይሠራ መዛጉ ነው።

መከላከያው ንጹህ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቸርኬ ላይ ይቀባል። መኖሩን ለማወቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው ተንከባሎ ከወደቀ አለ፤ ከተንጣለለ አልቋል፣ እንደገና ይቀባ።