ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይወጣል

የግራ ቅንድቤ ጫፍ የነደደው አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ነው። የአባቴን ኮሮላ ዲኤክስ ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን) ነቅዬ፣ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ቀለበት ጎማ ቀይሬ መልሼ ገጠምኩት። ሞተሩ ፊት ያለው ክብ ብረት፣ ፑሊው፣ ላይ ያለችው ጭረት ዜሮ ላይ ነበረች። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? «እማዬ፣ ቁልፉን አዙሪልኝ» አልኩ። የአየር ማጣሪያው ክዳን ወርዷል። እኔ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ላይ አቀርቅሬያለሁ። ዷ! አለና እሳቱን ፊቴ ላይ ተፋው።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች መኪናውን ረገመችው። መኪናው ምን አጠፋ? የ8ኛ ክፍል ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። 720ን ለ2 ማካፈል የረሳሁት እኔ ነኝ።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ዘጌ የሚመላለሱ ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ቀና አድርገው አዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «አንች ልጅ፣ የካንዴላውን ቀዳዳ በጣትሽ ደፍነሽ አይተሻል?» አላየሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተኑ አራት ሥራ አለው፤ ያስገባል፣ ይጨምቃል፣ ተቀጣጥሎ ይገፋል፣ ጭሱን ያስወጣል። ይህን ሁሉ ለመጨረስ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ሁለት ዙር 720 ዲግሪ ነው። በዚህ መሀል ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ ጨምቆ ሲጨርስ፣ አንዴ ጭሱን አስወጥቶ ሲጨርስ። ፑሊው የሚዞረው ከክራንኩ ጋር ስለሆነ ጭረቷ ሁለቱንም ጊዜ ዜሮ ላይ ትመጣለች። ዲስትሪቢዩተሩ ግን በሁለት የክራንክ ዙር አንዴ ብቻ ነው የሚዞረው። እኔ በተሳሳተው ጫፍ ላይ ገጠምኩት። ስለዚህ ብልጭታው የመጣው የማስገቢያው ቫልቭ መከፈት ሲጀምር ነው። እሳቱም በመጣበት በር ወደ ካርቡራቶሩ ወጣ።

መካኒኮች «አንደኛውን ቶፕ አምጣው» ሲሉ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ጫፍ ነው፤ አንደኛው ሲሊንደር ጨምቆ የጨረሰበትን። ዲስትሪቢዩተር ስትገጥሙ፣ የታይሚንግ ቺንጋ ስትቀይሩ ወይም የቫልቭ ክፍተት ስትለኩ ያስፈልጋችኋል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የካንዴላ (የብልጭታ ሰጪው) ቁልፍ ያስፈልጋል፤ የኔው አሮጌ ሞተር 21 ነው የሚፈልገው፣ ብዙዎቹ አዳዲሶቹ 16። ለፑሊው መሀል ብሎን የሚሆን ቡሽላ (ብሎኑ ላይ የሚሰካ ቁልፍ) እና ረጅም እጀታ ያዙ፤ ብዙ ቶዮታ ላይ 19 ይሆናል፣ የራሳችሁን ለክታችሁ እዩ። ከዚያ ጠመኔ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ረጅም የፕላስቲክ ስትሮ፣ ነጭ የጥፍር ቀለምና የቢስክሌት ፓምፕ። ባህር ዳር ላይ ፓምፑ አያስቸግርም። ጎረቤት ከጠየቃችሁ ሦስት ታገኛላችሁ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው የምጀምረው። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙት። ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ ጣሉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የማስነሻ ቁልፉን ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ ይህን አትዝለሉ።

የካንዴላ ገመዶቹን ሳትነቅሉ በፕላስተር ቁጥር ለጥፉባቸው። ቶዮታ ባለአራት ሲሊንደር ላይ አንደኛው የፋን ቺንጋው ወዳለበት የሚቀርበው ነው። ገመዱን ስትነቅሉ ጎማውን ይዛችሁ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ከዚያ በፓምፑ በየካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ ንፉ። ክረምት ወጥቶ የኮብልስቶኑ አሸዋ መብነን ከጀመረ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠራቀም ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ካንዴላው ሲወጣ ሁሉም ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አራቱንም ካንዴላ ፍቱ። አንዱን ብቻ ከፈታችሁ ሦስቱ እያመቁ ይታገሏችኋል፣ ቁልፉም በደንብ አይዞርላችሁም።

አሁን ጣት። ረዳት ካለ ይሻላል፤ አንዱ ቡሽላውን ያዞራል፣ አንዱ የአንደኛውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ይደፍናል። ጣታችሁን ላዩ ላይ ጫኑት እንጂ ወደ ውስጥ አትስደዱት። ከፊት፣ ከፑሊው በኩል ቆማችሁ ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። (አንዳንድ የድሮ ሆንዳ በተቃራኒው ነው የሚዞረው፤ የሆንዳ ባለቤት አስቀድሞ ያጣራ።) አንዱ ዙር ላይ ምንም አይሰማችሁም። ቀጣዩ ላይ አየሩ ጣታችሁን ገፍቶ ፉስ ብሎ ያመልጣል። እሱ ነው።

ግን ፉስ ያለበት ቦታ ቶፑ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ግፊቱ የሚጀምረው የማስገቢያው ቫልቭ እንደተዘጋ ነው፣ ፒስተኑ ገና ረጅም መንገድ ይቀረዋል። የግፊቱ ጥቅም «የምትፈልገው ዙር ይህ ነው» ብሎ መንገር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጣታችሁን አንሱና ዓይናችሁን ፑሊው ላይ ጣሉ። ጭረቷ ዜሮ ጋ እስክትደርስ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ካለፋችሁ ከአንድ ሩብ ዙር በላይ መልሱና እንደገና ወደፊት አምጡት፤ ሁልጊዜ የመጨረሻው እንቅስቃሴ ወደፊት ይሁን። አለበለዚያ የቺንጋው ወይም የሰንሰለቱ ልል ያሳስታችኋል።

እንደ ቪትዝ ያሉት ሞተሮች ካንዴላቸው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ጣት አይደርስም። ቀዳዳው ላይ ጥብቅ የሚል የጎማ ቱቦ ፈልጉ። በሌላው ጫፉ ፊኛ እሰሩበት። ሲጨምቅ ፊኛው ይነፋል። የእህቴ ልጅ ከልደት የተረፈ ቀይ ፊኛ አምጥቶ በጎረቤት ቪትዝ ላይ ሞከርነው፤ ከኔ ጣት ይልቅ እሱ አስተማማኝ ነበር።

ከፑሊው አጠገብ ባለው የሞተር ሽፋን ላይ ያሉት ቁጥሮች 0፣ 5፣ 10 ናቸው። ቶፕ ማለት 0 ነው። 10 ሞተሩ ተነሥቶ ብልጭታው የሚስተካከልበት ሊሆን ይችላል፣ ቶፕ ግን አይደለም። ጭረቷ በዘይትና በዝገት ስለተሸፈነች በጨርቅ ጥረጉና የጥፍር ቀለሙን አንድ ጠብታ አድርጉባት። ደርቆ ይቀራል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ይሆናል።

ጭረቷን ራሷን ማመንስ? አንዳንድ ፑሊ ሁለት ብረት ነው፣ መሀሉ ላይ ጎማ አለው። ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል፣ ጭረቷም አብራው ትሄዳለች። ለዚህ ነው ስትሮው።

መጀመሪያ የኔን ሞኝነት ልንገራችሁ። ስትሮ አላገኘሁም ብዬ የእህቴ ልጅ ከሐይቁ ዳር ያመጣውን ደረቅ ደንገል ከተትኩ። ደንገል ታንኳ ለመሥራት እንጂ ለዚህ አይሆንም። ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ግሪስ በተቀባ ስትሮ እየለቀምኩ ስጨርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ካቻቢቴም አትክተቱ። ፒስተኑ ሲወጣ ቀዳዳው ላይ ይቀረቀርና ወይ ይጣመማል ወይ ጥርሱን ይበላል። ስትሮው ግን ይተጣጠፋል። ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሁን፣ ላይኛውን ጫፉን በፕላስተር አወፍሩት።

ስትሮውን ፒስተኑ ላይ አሳርፋችሁ ሞተሩን ስታዞሩ ከፍ ይላል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል። «የቆመበት ቦታ ቶፕ ነው» ብላችሁ እንዳትወስኑ። እዚያ ጫፍ ላይ ፒስተኑ በጣም ሰነፍ ነው። የኔ ሞተር 4ኬ ነው፤ ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ 73 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ከጫፉ 5 ዲግሪ ስታልፉ የሚወርደው 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ያንን በስትሮ ማን ያያል?

ስለዚህ ጫፉን ትታችሁ ሁለቱን ወገን ለኩ። ስትሮው ከፍ ብሎ ሲቆም የቀዳዳው አፍ ላይ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ምልክት 13 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሌላ መስመር ጻፉ። ሞተሩን ከቶፑ ግማሽ ዙር ያህል ወደኋላ መልሱና ወደፊት አምጡት። ያ ሁለተኛው መስመር የቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርስ ቁሙ። በዜሮው አንጻር ፑሊው ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት አድርጉ። ቀጥሉ፤ ስትሮው ይወጣል፣ ያልፋል፣ ሲወርድ ያው መስመር እንደገና አፉ ላይ ይደርሳል። ቁሙ፣ ሁለተኛ ጭረት አድርጉ። በሁለቱ የጠመኔ ጭረቶች መሀል፣ ልክ ግማሹ ላይ፣ እውነተኛው ቶፕ አለ። እዚያ ላይ ፒስተኑ ፈጣን ነው፤ በአንድ ዲግሪ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ዓይናችሁ ቢሳሳትም የምትስቱት ትንሽ ነው። ተማሪዎቼን ማዕዘን ለሁለት ማካፈል ሳስተምር ይህን ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ለመለካት የወረቀት ፕላስተሩን ፑሊው ላይ ጠምጥሙት፣ ሁለቱን ጭረቶች ወደሱ አሳልፉ፣ ልጣችሁ አንሱትና ጭረት በጭረት ላይ እጠፉት። እጥፋቱ መሀሉ ነው። 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሊ ላይ 1 ዲግሪ 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ከፋብሪካው ጭረት በ1 እና በ2 ሚሊ ሜትር መሀል ተለያየ። ይህ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፣ ጭረቷ ደህና ናት። የጣት ስፋት ያህል ቢለያይ ግን ፑሊው ተንሸራቷል፣ መቀየር አለበት።

በመጨረሻ ማረጋገጫ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። ውስጡ የሚዞረው ሮተር ወደ አንደኛው ገመድ እግር ማየት አለበት። ዲስትሪቢዩተሩ እንደኔ ወጥቶ ከነበረ ሮተሩን አትመኑት፣ የቫልቩን ክዳን ክፈቱ። የአንደኛው ሲሊንደር ሁለቱም ሮከሮች (ቫልቮቹን የሚገፉት) በእጅ ሲነኩ ትንሽ ይንቃነቁ፤ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል ማለት ነው። ጠንካራ ከሆኑ በተሳሳተው ጫፍ ላይ ናችሁ፣ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ዲስትሪቢዩተሩን ስታስገቡ ጥርሱ ሰያፍ ስለሆነ ሮተሩ እየገባ ትንሽ ይዞራል። ያንን አስባችሁ ቀድማችሁ ወደኋላ አዙራችሁ ክተቱት። የገመዱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው።

ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የመጭመቂያ ግፊት በጌጅ የምትለኩ ከሆነ ከመመሪያው ቁጥር አንድ አምስተኛ ያህል ቢጎድል አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ሞተሩን አትፍረዱበት። ቶፑ ግን የትም ያው ነው።

ካንዴላዎቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ፤ ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ቺንጋ የቀየራችሁ ደግሞ ሳታስነሱ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙራችሁ ጭረቶቹ መመለሳቸውን እዩ።

ያን ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሁሉን ገጥሜ ጨረስኩ። እማዬ ቁልፉን አላዞርም ብላ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሊያዞሩ ሲሉ «ቆይ!» አለች። በጣቷ ወደ ፑሊው ጠቆመችን። ባለረጅም እጀታው 19 ቡሽላ ብሎኑ ላይ እንደተሰካ ነበር።