ሞዴል ጀልባ ሲሠሩና ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሞዴል ጀልባ ሥራ ክፋቱ ስህተቱ በተፈጸመበት ሰዓት አለመታየቱ ነው። የጎድኖቹ (ለጀልባዋ ቅርጽ የሚሰጡት ተሻጋሪ እንጨቶች) ዝንፈት የሚገለጠው ጣውላው ሲለብስ ነው፤ የጣውላው ክፍተት የሚወጣው ቀለም ሲነካው፣ የክብደቱ ስሌት ስህተት የሚጋለጠው ደግሞ ጀልባዋ ውኃ ላይ ስትቀመጥ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ስህተቶች የተቀመጡት በሚታዩበት ሳይሆን፣ በአብዛኛው፣ በሚፈጸሙበት ቅደም ተከተል ነው።

ክብደትን እንደ ርዝመት ማስላት

በ1፡48 ስኬል (ሞዴሉ ከእውነተኛዋ 48 ጊዜ ሲያንስ) የመርከቧ ርዝመት ለ48 ይካፈላል። ክብደቷ ግን የሚካፈለው ለ48 ኩብ፣ ማለትም ለ110,592 ነው። 1,000 ቶን የምትመዝን መርከብ በዚህ ስኬል ተሠርታ በትክክለኛው የውኃ መስመር ላይ እንድትቀመጥ 9 ኪሎ ያህል መሆን አለባት። ያችኑ መርከብ በ1፡96 ቢሠሯት የሚፈቀደው 1.1 ኪሎ ብቻ ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ በስምንት እጥፍ ይወርዳል። ለትልቋ የተገዛውን ባትሪና ሞተር ትንሿ ውስጥ የሚከት ሰው፣ ቀለም እንኳ ሳይቀባት እስከ ላይኛው ወለሏ (ዴክ) ድረስ ስትጠልቅ ያያል። ቀፎውን (የጀልባዋን አካል) ከመጀመርዎ በፊት ባትሪ፣ ሞተር፣ ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) እና የሬድዮ መቀበያውን በአንድነት ይመዝኑ።

ፍጥነትም የራሱ ሒሳብ አለው። የሚካፈለው ለስኬሉ ስኩዌር ሩት ነው፤ ለ1፡48 ወደ 7 ይጠጋል። በ12 ኖት (በሰዓት 22 ኪ.ሜ ያህል) የምትሄድ መርከብ ሞዴሏ በሰከንድ 0.9 ሜትር ብትሄድ ይበቃታል፣ የሰው ዘና ያለ እርምጃ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከበረረች የምታስነሣው ማዕበል አሻንጉሊት መሆኗን ያሳብቅባታል።

በተጣመመ አከርካሪ መጀመር

በኪት (ተቆርጦ በተዘጋጀ የመገጣጠሚያ ዕቃ) የሚመጣው አከርካሪ፣ ማለትም ጎድኖቹ የሚሰኩበት የመሐል እንጨት፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚ.ሜ ውፍረት ካለው ኮምፔርሳቶ የተቆረጠ ነው፤ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ካርቶን ውስጥ ሲከርም ይጎብጣል። የ1 ሚ.ሜ ጉብጠት በዓይን ስለማይያዝ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ቀጭን ክር ወጥሮ ማየት ነው። ከጎበጠ በስሱ አርጥቦ፣ በሁለት ዝርግ ነገሮች መካከል ክብደት ጭኖ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየት። ጎድኖቹ ሲገቡ ያቃኑታል ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ጭራሽ ጥመቱን ቆልፈው ያስቀሩታል። እያንዳንዱ ጎድን ሲጣበቅ በስኳድራ 90 ዲግሪ መሆኑ ይረጋገጥ።

ጎድኖችን ሳይሞርዱ ጣውላ ማልበስ

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው ይህ ነው። ጎድኖች ከፋብሪካ የሚወጡት ጠርዛቸው ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ነው፤ ጀልባዋ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየጠበበች ትሄዳለች። የመሐሎቹ እንዳሉ ሊቀሩ ይችላሉ። ከፊት በኩል ያሉት የፊት ጠርዛቸው፣ ከኋላ በኩል ያሉት የኋላ ጠርዛቸው በሰያፍ ካልተሞረደ ግን ጣውላው የሚያርፈው በሹሉ ማዕዘን ላይ ብቻ ይሆናል። ኮላው የሚይዘው ቦታ ያጣል፤ ጣውላው በየጎድኑ ላይ እየታጠፈ ይሄዳል። ሲያልቅ የጀልባዋ ጎን እንደ ከሳ ፈረስ ጎድኑ ይቆጠራል። ይህን ስቱኮም ሆነ ቀለም አይሸፍነውም።

መፈተሻው ራሱ ጣውላው ነው። አንድ ረጅም ቀጭን ጣውላ ሳያጣብቁ በአራት ወይም በአምስት ጎድኖች ላይ ያስተኙና በአግድም ይመልከቱ። ከጎድኑ ጠርዝ በአንዱ ወገን እንደ ሽብልቅ የቀጠነ ብርሃን ከታየ ሰያፉ ገና ነው። ጣውላው ጎድኑን ጨርሶ ካልነካው ጎድኑ አንሷል፤ ስስ እንጨት ለጥፎ እንደገና መሞረድ ነው። ጣውላው እዚያ ቦታ ላይ ጉብ ካለ ደግሞ ጎድኑ ተርፏል። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ይዘው አይሂዱ፣ ጣት አንዱን ጎድን ቆፍሮ ሌላውን ይዘላል። ባለ 120 ቁጥሩን ቢያንስ ሦስት ጎድን በሚያካልል ቀጥ ያለ ዱላ ላይ ለጥፈው ይጠቀሙ። ከፊት ጫፍ ባሉት ሁለት ጎድኖች መካከል የባልሳ (በጣም ቀላልና ለስላሳ እንጨት) ጉማጅ ሞልቶ አብሮ መቅረጽ ጣውላው በጣም በሚታጠፍበት ቦታ መደገፊያ ይሰጠዋል።

የጣውላውን ስፋት ሳያሰሉ ከላይ ወደ ታች መለጠፍ

የመሐለኛውን ጎድን ዙሪያ ከላይኛው ወለል ጠርዝ እስከ አከርካሪው በወረቀት ጥብጣብ ይለኩ። 120 ሚ.ሜ ቢሆንና ጣውላው 5 ሚ.ሜ ቢሰፋ በአንድ ጎን 24 ጣውላ ያስፈልጋል። አሁን የፊተኛውን ጎድን ይለኩ፤ 72 ሚ.ሜ ከሆነ 72 ለ24 ሲካፈል 3 ሚ.ሜ ይመጣል። እያንዳንዱ ጣውላ መሐል ላይ 5፣ ፊት ላይ 3 ሚ.ሜ እንዲሆን ቀስ በቀስ መጥበብ አለበት ማለት ነው። ሳያጠቡ ከለጠፉት ጣውላዎቹ ፊት ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይደራረባሉ፤ በመጨረሻም ታች ላይ የሚሞላው ክፍተት እንደ ጨረቃ ቅርጽ ይሆናል።

ጣውላ ከስፋቱ ከግማሽ በታች ባይጠብ ይመረጣል፤ ጫፉ ስፒልም ኮላም መያዝ ያቅተዋል። ስሌቱ ከግማሽ በታች ካመጣ የጣውላዎቹን ቁጥር ፊት ላይ መቀነስ ነው። ኋላ ላይ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። እዚያ ዙሪያው 132 ሚ.ሜ ቢሆን 12 ሚ.ሜ ይጎድላል፤ ጣውላውን ጎትቶ ከማስፋት ይልቅ ሹል መሙያ እንጨቶች በመካከል ማስገባት የእውነተኛ መርከብ ሠሪዎችም ዘዴ ነው። በጣውላ 0.2 ሚ.ሜ ብቻ መሳት ምንም አይመስልም፣ በ24 ሲባዛ ግን 4.8 ሚ.ሜ፣ አንድ ሙሉ ጣውላ ሊሆን ምንም አይቀረው።

እርጥብ ጣውላ ማጣበቅ፣ አንዱን ጎን ማስቀደም

ጣውላ ለመታጠፍ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይነከራል። እንጨት ውኃ ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፤ እንዳበጠ ካጣበቁት ሲደርቅ ይኮማተርና በየመጋጠሚያው ቀጭን መስመር ይከፈታል። ቅርጹን እስኪይዝ በስፒልና በሞርሴቶ አስሮ ማድረቅ፣ ከዚያ ፈትቶ በኮላ መመለስ ነው። በአንድ ጎን አምስት ስድስት ጣውላ ካስቀደሙ ደግሞ ኮላው ሲደርቅ የሚስበው ኃይል አከርካሪውን ወደዚያው ያጎብጠዋል። አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ።

ለሁሉም ነገር ሱፐር ግሉ

ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፣ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። እንጨት ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ቫርኒሽ አያሳልፍም፤ ከውጭ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ትነቱ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክን ያደበዝዛል፣ መስኮት በነጭ ኮላ ነው የሚጣበቀው። ኮላውም ቢሆን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ለማላቀቅ ደግሞ ነጭ ኮላ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይለሰልሳል፣ ሱፐር ግሉ በአሴቶን፤ ኢፖክሲ ግን አንዴ ከያዘ ሊለያይ የሚችለው በሙቀት ወይም በመጋዝ ነው። ማጠንከሪያውን አብዝቶ ኢፖክሲን ማፋጠን አይቻልም፤ ልኩ ከተዛባ ጭራሽ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

የገመዱን ዙሪያ እንደ ውፍረት ማንበብ

የድሮ የመርከብ ሰንጠረዦች ገመድን የሚለኩት በዙሪያው ነው። ዙሪያው 30 ሴ.ሜ የሆነ ገመድ ውፍረቱ 9.5 ሴ.ሜ ነው፤ በ1፡64 1.5 ሚ.ሜ ክር ይሆናል። ቁጥሩን እንደ ውፍረት ያነበበ ሰው 4.7 ሚ.ሜ ክር ይወጥራል፣ ጀልባዋም በጠፍር የተጠፈረች ትመስላለች። ምሰሶ የሚደግፉት ገመዶች ይቅደሙ፣ ሸራ የሚያንቀሳቅሱት ይከተሉ። የጥጥና የተልባ ክር በእርጥበት ስለሚያጥር በጣም አይወጠር።

ክብደትን ከላይ ማብዛት

እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው ቫዛ 1,300 ሜትር ያህል ሄዳ ሰጠመች። ከላይ ከብዳ ነበርና ነፋስ ሲያዘነብላት ውኃ በመድፍ መስኮቶቿ ገባ። ሞዴልም በዚሁ መንገድ ይገለበጣል። ባትሪው በተቻለ መጠን ታች ይቀመጥ፤ የላይኛው ክፍል ከስስ ፕላስቲክ ወይም ከባልሳ ይሠራ። ማመጣጠኛውን እርሳስ በትናንሽ ከረጢት አድርገው ሁሉም ክፍል ተገጥሞ ገንዳ ውስጥ ሳይፈተን አያጣብቁት። በጣት 30 ዲግሪ ያህል ያዘንብሏትና ይልቀቋት፤ እያቅማማች ከተመለሰች ክብደት ከላይ ይቀንሱ። ሞተሩ የሚስበውን አምፔርም እዚያው ገንዳ ውስጥ ይለኩ፣ ፕሮፔለር በአየር ላይ ሲዞር የሚታየው ቁጥር በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ያታልላል።

አሮጌ ሞዴልን “አዲስ” ማድረግ

ጥገና የተለየ ልብ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ስህተት ፎቶ ሳያነሡ መንካት ነው። ከአራቱም ወገን፣ መለኪያ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ያንሡ፤ የወደቀች ቁራጭ ሁሉ የተገኘችበት ቦታ ተጽፎባት በከረጢት ትቀመጥ። የተበጠሱ ገመዶችን ቆርጦ መጣል ያጓጓል፣ ግን የት ይታሰሩ እንደነበር የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል፤ የአቧራ መሳቢያው አፍ በሻሽ ይሸፈን፣ የላላ ቁራጭ ቢመጣ ሻሹ ላይ ይቀራል። ከዚያ በተጣራ ውኃ በረጠበ የጥጥ ጫፍ፣ በማይታይ ቦታ ሞክሮ፣ ጥቂት በጥቂት። የመስታወት ማጽጃ ከቆሻሻው ጋር የድሮውን ቫርኒሽም ሊያነሣ ይችላል። ሙሉ በሙሉ እንደገና መቀባትም የሠሪውን እጅ ያጠፋል፤ የተላጠውን ብቻ መንካት ይበቃል።

ከእርሳስ የተሠሩ መልሕቆች፣ መድፎችና ጀልባዎች ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ አቧራ መስሎዎት እፍ አይበሉት። የእርሳስ ካርቦኔት ነው፣ ይመርዛል። ጓንትና ማስክ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ያንሡት። ዱቄት የሆነው ክፍል ብረት ሆኖ አይመለስም፤ ቅርጹ ከፈረሰ በነሐስ ወይም በሬዚን ይተካል። መንሥኤው ብዙውን ጊዜ ሞዴሉ የሚቀመጥበት የመስታወት ሳጥን ነው፤ ኦክ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ገና ያልደረቀ ቀለምና እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አሲድ ይተነፍሳሉ፣ ጥርቅም ብሎ በተዘጋ መስታወት ውስጥም ትነቱ ይጠራቀማል። ስለዚህ የሳጥኑ ሥር በሁለት ወገን ቀዳዳ ይበጅለትና አቧራ እንዳያስገባ በስስ ጨርቅ ይሸፈን።