መኪናችሁ እየሄደ ሚጠፋው ዲናሞው ቻርጅ ስለማያደርግ ይሆን? ከምልክቱ ተነስተን እንየው

መኪና መንገድ ላይ ሲጠፋ ብዙ ሰው መጀመሪያ ቤንዚን ይላል፣ ከዛ ካንዴላ፣ ከዛ ባትሪ፣ ዲናሞ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ አምርቶ ባትሪውን ሚሞላው) ትዝ ሚለው ሌላው ሁሉ ተቀይሮ ካለቀ በኋላ ነው። በተለይ ባትሪ ላይ ሚባክነው ብር ያናድዳል፣ ምክንያቱም ቻርጅ ማያደርግ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ ስታስሩበት አንድ ሁለት ቀን ቀጥ አድርጎ ይሄዳል፣ "ይኸው ተገኘ፣ ባትሪው ነበር" ይባላል፣ ከዛ አዲሱም እንደ አሮጌው ይደርቃል። ስለዚ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ርካሿ ዲጂታል ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ትበቃለች፣ ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ነው ምትለኩት።

እዚህ ማወራው በብዛት ስለ ቪትዝና ኮሮላ አይነት ቤንዚን መኪኖች ነው፣ አዲስ አበባ ሞልተዋል፣ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ያለውን አሮጌ መኪና እያስታመመ ነው ሚነዳው።

ለምን ይጠፋል ለሚለው ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪው ዋና ስራው ማስነሳት ነው፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ኮይሉን፣ ኢንጀክተሩን፣ የቤንዚን ፓምፑን፣ ኮምፒውተሩን፣ መብራቱን ሁሉ ሚመግበው ዲናሞው ነው። ዲናሞው ካቆመ ሁሉም ከባትሪው መብላት ይጀምራል። እስቲ አስሉት፣ የፊት መብራት ሁለቱ ብቻ 9 አምፔር አካባቢ ይወስዳሉ፣ ሞተሩን ሚያስኬዱት ነገሮች ከ10 እስከ 15፣ የውስጥ ንፋስ መጨረሻ ላይ ሲሆን ሌላ 10 ምናምን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያም እንደዛው። ቪትዝ ላይ ምትገባው ኤንኤስ 40 ባትሪ ደግሞ 35 አምፔር ሰዓት አካባቢ ናት፣ አርጅታ ከሆነ ግማሹም አይገኝባትም። ስለዚ ቀን ላይ መብራት ሳታበሩ ከቤት ስራ ቦታ ደርሳችሁ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ ማታ በክረምት ዝናብ መብራትና ዝናብ መጥረጊያው እየሰሩ ትራፊክ ውስጥ ስትቆሙ ግን ይጠፋል። "ማታ ማታ ብቻ ነው ሚያስቸግረኝ" ሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ዲናሞውን ጠርጥሩ።

ናፍጣ ከሆነና የድሮው ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ከሆነ፣ እንደ አሮጌዎቹ ሃይሉክስና ሃይኤስ፣ አንዴ ከተነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ፓምፑ ላይ ያለችው ናፍጣ ምትዘጋው ሶሌኖይድ ብቻ ናት ኤሌክትሪክ ምትፈልገው። እሱ ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ ፊልትሮውንና አየር መሳቡን እዩ።

ሲጠፋ የሆነውን አስታውሱ

ግማሹ ምርመራ እዚህ ጋ ያልቃል። ልክ እንደጠፋ ቁልፉን መልሳችሁ ስታዞሩት ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ጥርት አድርጎ ካዞረው ቻርጅ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ባትሪው አልሞተም ማለት ነው፣ የቤንዚን ፓምፕ ወይ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ ሚነግረው) ወደመሳሰሉት ሂዱ። ሞተሪኖው እያቃሰተ ካዞረ ወይ ቀጭ ቀጭ ብቻ ካለ ግን ዲናሞው አልመገበም፣ ቀስ በቀስ ነው ባትሪው ያለቀው። እንደዚህ አይነቱ መኪና ከመጥፋቱ በፊት ያስጠነቅቃል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻው ይዘገያል፣ ቴፑ ይጠፋል፣ ኤሌክትሪክ መሪ ያለው ከሆነ መሪው ይከብዳል፣ ከዛ ነዳጅ ስትሰጡት ይንገጫገጭና ይጠፋል።

ሶስተኛው አይነት ደግሞ ምንም ሳያስጠነቅቅ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የጌጆች ሰሌዳ) ጭምር ድርግም ብሎ ሚጠፋው ነው፣ ጉድጓድ ሲመታ ምናምን። እሱ ብዙ ጊዜ የባትሪ ተርሚናል (የባትሪው ራስ ላይ ሚታሰረው የሽቦ ጫፍ) ወይ የማሳ ሽቦ (ኔጌቲቩን ከቦዲና ከሞተር ሚያገናኘው) መላላት ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ተርሚናሉን በእጅ ነቅነቅ አድርጉት፣ በእጅ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ከጃፓን የመጡ ትንንሽ መኪኖች ተርሚናላቸው ለቀጭን ራስ የተሰራ ነው፣ ባትሪ ሲቀየር ወፍራም ራስ ያለው ይገዛና ተርሚናሉ ተፈልቅቆ ይገባል፣ ቀጥሎ ቀጭን ራስ ሲመጣ ደግሞ ላልቶ ቆርቆሮ ይጠቀጠቅበታል፣ አንዳንዱ ላይ ቡሎን ሁሉ ተሸጉጦ አይቻለሁ። ቆርቆሮውን አውጡና ልክ የሆነ ተርሚናል አስገቡ፣ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ሶዳ እጠቡት፣ ሲደርቅ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ላዩን ግሪስ ቀቡት። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ስታስሩ መጨረሻ ኔጌቲቩን።

አሁን መለካት

መኪናው ካደረ በኋላ ሳይነሳ ባትሪው ላይ ለኩ። 12.6 ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀር ላይ ያድርና ከዛ ቀጥሉ፣ በባዶ ባትሪ ዲናሞ መመርመር ያሳስታል።

አስነሱና ለኩ፣ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዛ የፊት መብራት፣ የውስጥ ንፋስ፣ የኋላ ማሞቂያ ሁሉንም አብሩና ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ወደ 2000 ዙር አካባቢ ያዙት፣ ከ13.5 ብዙ መውረድ የለበትም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡት ሲዞር) ትንሽ ቢወርድ ችግር የለውም፣ ወደ 12 ምናምን ወርዶ እዛው ሚቀር ከሆነ ግን ባትሪው እየተበላ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ዲናሞውን ኮምፒውተሩ ስለሚያዘው ሆን ብሎ ዝቅ ሚያደርግበት ጊዜ አለ፣ መብራት ስታበሩ ከፍ ካለ ጤነኛ ነው።

ተነስቶም 12.4፣ 12.3 እያለ ሚወርድ ከሆነ ዲናሞው አይመግብም። ግን ዲናሞውን ገና አትፍቱት! መጀመሪያ ቺንጋውን (ዲናሞውን ሚያዞረውን ቀበቶ) እዩ፣ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት አንድ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢገባ ነው ደንቡ፣ ብዙ ከላላ ወይ ጠዋት ስታስነሱ ሲጢጢጢ ካለ ፑሌጃው (ቺንጋው ሚጠመጠምበት ክብ) ላይ እየተንሸራተተ ነው፣ ዲናሞው ደህና ሆኖ ማይሽከረከረው ለዛ ነው። ቺንጋው ከተሰነጣጠቀ ወይ ዘይት ከጠጣ መወጠሩ ጥቅም የለውም፣ ቀይሩት።

ቀጥሎ ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ ክፈቱና ክሩስኮት ላይ ቀይዋን የባትሪ ምልክት ፈልጉ። ልትበራ ይገባል። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥላ፣ ፊውዟ ሄዶ ወይ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ሶኬት ወልቆ ይሆናል፣ ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ ዲናሞው ቻርጅ ለመጀመር መነሻ ሚያገኘው በዛችው አምፖል በኩል ስለሆነ የአንዲት አምፖል ነገር ዲናሞ ያስቀይራል። ተነስቶ እየሄደም አልጠፋ ካለች ዲናሞው አቁሟል። የእጅ ፍሬን መብራት አብሯት ፈዘዝ ብሎ ከበራ የፍሬን ዘይት ፍለጋ አትሂዱ፣ ብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ዲናሞ ነው።

ከዛ ከዲናሞው ጀርባ በዳዶ የታሰረው ወፍራም ሽቦ ላይ ለኩ፣ ጠንቀቅ ብላችሁ፣ ሁሌም ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ስለሆነ ካቻቪቴ ወይ ቁልፍ ቦዲ ካስነካ ብልጭታው ቀላል አይደለም። ሞተሩ እየሰራ እዛ 14 እና ከዛ በላይ እያነበበ ባትሪው ላይ 12.3 ከሆነ ዲናሞው ያመርታል ግን አይደርስም፣ መሀል ላይ ያለው ትልቁ ፊውዝ፣ ቶዮታ ላይ በላቲን ኤ ኤል ቲ ተብሎ የተጻፈበት 100 ወይ 120 አምፔር ሚሆነው፣ ተቃጥሏል ማለት ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ሚቃጠለው በኬብል ሲያስነሱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሲገለበጥ ነው፣ ሰው ግን ያንን ሳይናገር ነው ጋራዥ ሚመጣው። በሽቦ አስሮ ማለፍ የለም፣ ራሱ መጠኑ ይገዛ።

ማሳውንም አትርሱ። ሞተሩ እየሰራ መብራት አብርታችሁ አንዱን የቴስተር ጫፍ ዲናሞው ቦዲ ላይ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ፣ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ዝጓል ወይ ላልቷል። ሞተር ወርዶ የተገጠመላቸው መኪኖች ላይ የማሳ ሽቦ ሳይታሰር መቅረት የተለመደ ነው።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልመገበ አሁን ጥፋቱ ዲናሞው ውስጥ ነው። አንዴ እየመገበ አንዴ እያቆመ ከሆነና በካቻቪቴ እጀታ ኳ ኳ ስታደርጉት ሚመለስ ከሆነ ካርቦኑ (ዲናሞው ውስጥ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ ሚያደርሰው) አልቋል፣ ርካሹ ጥገና ይሄ ነው፣ ካርቦን ብቻ ይቀየራል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ከ0.5 በላይ ካነበበ ዳዮድ (ዲናሞው ሚያመርተውን ኤሲ ወደ ዲሲ ሚቀይረው) ሄዷል፣ እንደዚህ አይነቱ ቴፑ ላይ ዊዊ ሚል ድምጽ ያመጣል፣ ቆሞ ሲያድርም ባትሪ ይበላል። ውስጡ ሚንገራገር ድምጽ ካለ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ከ15 በላይ ባትሪው ላይ ካነበባችሁ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት ሚቆጣጠረው) ተበላሽቶ ከመጠን በላይ እየሰጠ ነው፣ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፣ ባትሪው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ እሱን ይዞ መንዳት ኮምፒውተሩን ማስመታት ስለሆነ ዛሬውኑ ይሰራ።

ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ) ያገለገለ ዲናሞ ምትገዙ ከሆነ ሶኬቱ ቀዳዳው ስንት እንደሆነና ፑሌጃው ስንት ጥርስ እንዳለው ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ ቦዲው አንድ መስሎ ማይገጥም አለ። ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ የድሮው ለምን እንደሞተ እዩ፣ ከላይ ከቫልቭ ከቨር ዘይት እየተንጠባጠበበት ከነበረ አዲሱም ያንኑ ዘይት ነው ሚጠጣው።

እባካችሁ ይሄን አታስደርጉ

ሞተሩ እየሰራ የባትሪ ተርሚናል ነቅሎ "ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" ሚባለው ፈተና። የድሮ መኪና ላይ ጉዳቱ አይታይ ይሆናል፣ ኮምፒውተር ያለው መኪና ላይ ግን ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው ሚያመርተውን ሚውጥለት ስለሚያጣ ቮልቱ በቅጽበት ይዘላል፣ እሱ ደግሞ ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ሲብስ ኮምፒውተሩን ይዞ ይሄዳል። ከዛም በላይ ምንም አያሳይም፣ ግማሽ ዳዮዱ የሞተ ዲናሞም ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ሊያቆየው ይችላል። "አለቃ፣ ተርሚናሉን አይንቀሉብኝ፣ በቴስተር ይለኩልኝ" በሉ፣ ቅር ቢላቸውም ይበላቸው።

ተሰርቶ ሲያበቃ ሚኒሞ ላይ ሚጠፋ ከሆነ

ይሄ ብዙ ሰው ያምታታል። ባትሪው ተነቅሎ ስለቆየ ኮምፒውተሩ የተማረውን ሚኒሞ ረስቷል፣ ስሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ ሚገባውን አየር ሚቆጣጠረው) ደግሞ በካርቦን ጥቀርሻ ጠቁሯል፣ በፊት ኮምፒውተሩ ለቆሻሻው እያካካሰ ነበር፣ አሁን ከዜሮ ሲጀምር አየሩ አንሶት ይጠፋል። ቮልቱ 14 አካባቢ ከሆነ ዲናሞውን ተዉት፣ ስሮትል ቦዲውን በክሊነር አስጸዱ፣ ከዛ ኤሲውን አጥፍታችሁ ሞተሩ እስኪሞቅ ሚኒሞ ላይ ተዉትና እንደገና ይማራል። አንዳንድ መኪና ላይ በማሽን ማስተማር ያስፈልጋል።

መንገድ ላይ ቀይዋ የባትሪ ምልክት ከበራችባችሁ

ሞተሩን አታጥፉ፣ መልሶ ላይነሳ ይችላል። ኤሲ፣ ንፋስ፣ ቴፕ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኋላ ማሞቂያ ሁሉንም አጥፉ፣ ማታ ከሆነ የፊት መብራቱን ግን አታጥፉ። የሙቀቱን ጌጅ እያያችሁ ሂዱ፣ ምክንያቱም ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነና የውሃ ፓምፑን ሚያዞረው እሱው ከሆነ ሞተሩ ይግላል፣ ያኔ ወዲያው ማቆም ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ከሆናችሁ የግራውን መስመር ልቀቁና በቀኝ ያዙ፣ ከጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይደርቃል፣ ፍሬኑ ሁለት ሶስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው ለስለስ ሚለው፣ እሱን ደጋግማችሁ ሳትረግጡ አንዴ በደንብ ይዛችሁ ጥግ አውጡት።