ፍቅርን በትዝታ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ ሐይቁ። መቼቱ ሐዋሳ የሆነ የፍቅር ልቦለድ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ቦታው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ማንኛውም እንግዳ የሚያየውን ብቻ መጻፍ ነው። ሰው ዘመን አልፎ የሚያስታውሰው ያን ዕለት ዓይኑ ያረፈበትን ትንሽ ነገር ነው። ጥንዶቹ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሊበሉ ከተቀመጡ፣ እሷ እሾኹን ለቅማ ሥጋውን ወደ እሱ ስትገፋ፣ እሱ ደግሞ ዓይኑን አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሳይነቅል ሲጎርስ ይታይ። ከዚህ ቀጥሎ «በጣም ትወደው ነበር» የሚል ካለ ይሰረዝ።

ከሁሉ የሚከብደው የዛሬው ተራኪ ለያኔው ራሱ ዕውቀት ማበደሩ ነው። የ45 ዓመት ሰው የ20 ዓመቱን ፍቅር ሲተርክ፣ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ «እንደምትለየኝ ልቤ ነግሮኝ ነበር» ይላል። ያኔ የወጣቱ ጉጉት ይሞታል፤ አንባቢም የሚጠብቀው ነገር ያጣል። ረቂቁን አትመው በሁለት እስክሪብቶ ያስምሩበት፦ ያኔ ያወቀውን በሰማያዊ፣ በኋላ የደረሰበትን በቀይ። ቀዩ ትዕይንቱን መሃል ላይ ከቆረጠው ወደ መጨረሻው ይውሰዱት። ለአንድ ትዕይንት አንድ ቀይ መስመር ይበቃል።

ትዝታን እንደ ፎቶግራፍ መቁጠርም ይጎዳል። ትዝታ በታሰበ ቁጥር እንደ አዲስ ይገነባል፤ የዛሬው ስሜትም ይገባበታል። ስለዚህ የመለያየቱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ይጻፉት፤ አንዴ መጀመሪያ አካባቢ፣ አንዴ ወደ ማብቂያው። በመጀመሪያው፣ መናኸሪያ ላይ ዞር ብላ ሳታየው አውቶቡስ የተሳፈረችው እሷ ናት። በሁለተኛው፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ ትቷት የሄደው እሱ ሆኖ ይገኛል። የሚለወጠው ይህ ብቻ ይሁን። ሻንጣው፣ ካፊያው፣ የረዳቱ ጥሪ እንዳለ ይቆይ፤ ሦስት አራት ነገር ከተለወጠ ደራሲው የረሳ ይመስላል።

በዚሁ ምክንያት ዘመኑን ማጣራት ግድ ነው። በ1985 ዓ.ም. በሚካሄድ ታሪክ ውስጥ ፍቅረኛዋን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ የምትጠብቅ ልጅ ልትኖር አትችልም፤ ፓርኩ የተመረቀው በ2008 ነው።

ወደ ኋላ ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በ«ነበር» ይዝጉ፤ ከዚያ «መጣች፣ ተቀመጠች፣ ቡና አዘዘች» እያሉ ይቀጥሉ። ገጹን ሙሉ «ነበር» ከሞላው ትዕይንቱ ይርቃል።

ቁልምጫንም አያባክኑ። «ትዕጊ» ሲላት የከረመ ሰው አንድ ቀን «ትዕግሥት» ብሎ ከጠራት፣ ፍቅሩ ለመቀዝቀዙ ሌላ ማስረጃ አያሻም፤ ቀጥሎ የሚመጣው የሦስት ገጽ ኑዛዜ ሊወጣ ይችላል።